እንግዳዬና አባ ሳሙኤል

የአክስቴ ልጅ ከግላስጎው የመጣችው ጥር 2012 ነበር፤ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ቡና እየተፈላ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታሳየን ጀመር። ስኮትላንዶች ሐይቅን «ሎክ» ይሉታል አለች። ሎክ ኦው ከሚባለው ሐይቅ ዳር ኪልቸርን የሚሉት አሮጌ ግንብ አለ፤ በፈረንጆቹ 1760 መብረቅ መታው፣ ብዙም ሳይቆይ ሰው ለቀቀው፤ አሁን ጣሪያ እንኳ የለውም። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችና፣

«ይቺን ለማየት ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው? ፍርስራሽማ እዚህ መች ጠፋ!» አለች።

ሁላችንም ሳቅን። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። አቃቂ ተወልጄ አቃቂ ያደግሁ ሰው፣ እንግዳ ሲመጣብኝ ይዤ የምሮጠው ወደ እንጦጦ ነው። «ነገ እዚሁ ሰፈራችንን እንዞራለን» አልኳት።

«አቃቂን?» አለች፤ ከተወለደች ጀምሮ የምታውቀውን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የከባድ መኪና ጥሩምባ እያሰበች መሆን አለበት።

ጠዋት ስንወጣ ጎረቤታችን፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ይዘው በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ወዴት እንደምንሄድ ሲሰሙ «ያለ እኔ ማን ሊያስጎበኛችሁ ነው?» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

በእሳቸው ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከሐዲዱ ነው። «ልጄ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ ሳይገባ አቃቂ ነው የገባ» አሏት። እውነታቸውን ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በፈረንጆቹ 1915 ሲሆን ዋና ከተማዋ ለመግባት ሌላ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶት! እነዚያን ሁለት ዓመታት የባቡሩ መጨረሻ አቃቂ ነበረች ማለት ነው፤ ይህን የሚነግር አንድ ሰሌዳ እንኳ አላየሁም።

አሮጌው ሐዲድ በከፊል አፈር በልቶታል። እንግዳዬ ጎንበስ አለችና በሁለቱ ብረቶች መካከል ጫማዋን ተረከዝ ከጣት እያገጣጠመች ለካችው። «ይኼ እንዴት ጠባብ ነው!» ስትል ሽማግሌው ቅር አላቸው። «አንድ ሜትር ነው፤ ፈረንሳዮች ናቸው እንዲህ ያደረጉት። ጠባብ ብትይውም ድሬዳዋ ያደርስ ነበር።» ቀጥለው ስለ ሊቶሪናው፣ ስለ ጭነቱ፣ ከመስኮት ሥር ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ስለሚሸጡት ሴቶች አወሩን። ሲያወሩ ቆይተው ድንገት ዝም አሉ፤ ከዘራቸውን ብረቱ ላይ ሁለቴ ኳ ኳ አደረጉ። መስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲዱ የተዘረጋው በሌላ በኩል ነው። ቃሊቲ ድረስ የመጣው የከተማው ባቡርም ቢሆን ለእሳቸው «ትራም» እንጂ ባቡር አይደለም።

ስለ አቃቂ ራዲዮ ጣቢያ ደግሞ እኔ ነኝ የነገርኳት፤ ይህ የእኔ ጉራ ነው። የአቃቂን ማሠራጫ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣልያን ኩባንያ ነው፤ የተመረቀውም በፈረንጆቹ 1935 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ መስከረም 1928፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ ሕዝብ በራዲዮ ተናገሩ። ወሩ ሳያልቅ የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። በጣልያን እጅ በተሠራ መሣሪያ የጣልያንን ወረራ ለዓለም አቤት ማለት፤ ያውም ከአቃቂ! ይህን ስነግራት ዙሪያዋን አየች፤ የሚታየው የቆርቆሮ አጥርና የቆመ ሲኖትራክ ነው።

እዚያው መንገድ ላይ አንድ የግቢ በር አጠገብ ቆም ብለን ዕድሜ የጠገበ የድንጋይ ቤት በአጥሩ ቀዳዳ ስናይ ዘበኛው መጣ።

«ፎቶ ክልክል ነው።»

«አላነሣንም እኮ፤ እያየን ነው» አልኩት።

«ማየቱንም ቶሎ ቶሎ አድርጉት።»

ሽማግሌውን ከዚያ ቤታቸው መለስናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። እኛ ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወደ አባ ሳሙኤል ወረድን። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከተማውን በየፊናቸው አቋርጠው እዚያ ይገናኛሉ፤ ግድቡ አቁሟቸው ሐይቅ ሆነዋል። ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ይህ ነው። ጉልበቱ 6.6 ሜጋዋት፤ ዛሬ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል እንጂ በዘመኑ አዲስ አበባን ያበራ ነበር። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ኖሮ ቻይናዎች አድሰውት በ2009 እንደገና ተነሣ።

እንግዳዬ እዚህ ነቃ አለች። ለካ ያ ሎክ ኦው የሚሉት ሐይቅም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ክሩአካን ከሚባል ተራራ ሆድ ውስጥ በፈረንጆቹ 1965 የተከፈተ ማመንጫ አለ፤ ጎብኚውን በአውቶቡስ ዋሻ ውስጥ ይዘውት ገብተው ያሳዩታል። «ቲኬት ቆርጬ ነው የገባሁት» አለችኝ። የእኛ ቲኬት ከእረኞች ጋር በተሰነጣጠቀው መረሬ ላይ መቀመጥ ነበር።

ከሩቅ ስታየው ሐይቁ አረንጓዴ መስክ ነው፤ ላም ብትለቅበት የሚያስግጥ ይመስላል። ሲቀርቡት እምቦጭ ነው። እርስ በርሱ ተቆላልፎ ውኃውን ሸፍኖታል፤ በላዩ ሐምራዊ አበባ አብቧል። ክፍት በቀረው በኩል ዳክዬዎች ይዋኛሉ፤ የአውሮፓን ክረምት የሸሹ ሽመላዎች ዳር ዳሩን ይለቅማሉ። ሽታውም አለ፤ ስለ ሽታው ባልናገር ደስ ይለኛል።

«ስኮትላንድ አንዱ ሐይቅ ውስጥ ትልቅ አውሬ አለ ይባላል» አለችው፣ አጠገባችን በግ ለሚጠብቀው ልጅ። «እናንተስ ጋ ምን አለ?»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «የአዲስ አበባ እጣቢ።»

ከእምቦጩ አንድ ግንድ መዞ ሰጣት። ግንዱ እንደ ፊኛ ያበጠ ነው፤ በጥፍሯ ስትጫነው ጭምቅ አለና ውኃ አወጣ። አበባው ከላይኛው ቅጠል መሐል ላይ እንደ ዓይን ያለ ቢጫ ነጥብ አለው። ስታየው ቆየችና ፎቶ አነሣችው፤ ቀጥላም ሐይቁን፣ ሽመላዎቹን፣ ልጁን ከነበጎቹ።

ማታ ታክሲ ውስጥ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ መንገድ ተዘግቶ ቆመን ሳለ፣ ስልኳ ጮኸ። ግላስጎው ያለች ጓደኛዋ ናት፤ ፎቶዎቹ ደርሰዋታል። አነበበችልኝ፦ «እንዴት የሚያምር ሐይቅ ነው! አበባውን ማን ተከለው?»