ከሰባተኛ እስከ ጋላፊ፦ የመንገደኛው ጥምና የባለ አገሩ ውኃ



መርካቶ ውስጥ ሰባተኛ የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። አውቶቡስ ተራ ቅርብ በመሆኑ፣ ሥራ ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ወጣት ለረጅም ዓመታት መጀመሪያ ካረፈባቸው ሰፈሮች አንዱ ይኸው ነው። ሸክም እየተሸከመ፣ በርካሽ አልጋ እያደረ ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥር ልቡ ወደ ሳዑዲ ይሸፍታል። በየሻይ ቤቱ የሚወራው ስለ ደላላው ክፍያ፣ ስለ ባሕሩና ስለ ሪያሉ ነው። በመካከል ስለሚታለፈው አገርና ስለ ሕዝቡ ግን የሚያነሳ የለም። እኛም በትምህርት ቤት ዕረፍት ከባልደረቦቻችን ጋር ሆነን ያንን አገር ለማየት ተነሳን።

አዋሽን ተከትሎ

በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ገዋኔን አልፎ ሚሌ ሲደርስ፣ ከወሎ በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድ ይቀላቀለዋል። ከዚያ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ በመጨረሻም ጋላፊ፤ ከጋላፊ ወዲያ ጅቡቲ ነው። ይህ የአፋር ሕዝብ ምድር ነው። በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በኤርትራ የሚኖረው ይህ ሙስሊም ሕዝብ፣ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ግጦሽና ውኃ ተከትሎ ይኖራል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። አዋሽ ወንዝ እንኳ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ከወንዙ የራቀው ቤተሰብ ውኃ የሚያገኘው ሴቶችና ልጃገረዶች ረጅም መንገድ ተጉዘው ሲቀዱለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 የደረሰው ድርቅ ደግሞ የብዙውን አርብቶ አደር ከብት ፈጅቶበታል።

በዚህ ምድር ላይ ነው እንግዲህ የእኛ ልጆች በእግራቸው የሚያልፉት። በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር ተሻግሮ የመን የገባው ሰው ከ138 ሺህ በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነበር። ከፊሉ በሶማሊያው ቦሳሶ፣ ሌላው በአፋር ምድር አልፎ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ነው የተሻገረው።

አንድ ጀሪካን

ከሰመራ ወዲያ ከመንገድ ዳር ያገኘናቸው አንድ አዛውንት ስለዚሁ ነገር አጫወቱን። መንገደኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ተጉዘው ጎህ ሲቀድ ይደርሳሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ጫማቸው አልቋል። እቤት ያለው ውኃ አንድ ጀሪካን ነው፤ ግልገሎቹም ገና አልጠጡም። እስቲ እናስላው፦ በምናለሽ ተራ የሚሸጠው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። አሥር መንገደኛ ሁለት ሁለት ሊትር ከጠጣ ባዶ ነው። አዛውንቱ ከልክለው እንደማያውቁ ነገሩን፤ ሆኖም ልጃቸው በዚያው ቀን ዳግመኛ ወደ ጉድጓዱ ትሄዳለች። በማግስቱ ደግሞ ሌሎች አሥር ይመጣሉ።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሳይጠያየቁ አይተላለፉም፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ውኃ የት አለ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ማን ታመመ ይባባላሉ። በዚያ በረሃ ዳጉ ሕይወት ነው። የእኛ ወጣት ግን ደላላው ከሰው እንዳይነጋገር አስጠንቅቆታልና፣ ጉድጓዱ የት እንዳለ ከሚያውቀው ሰው ተደብቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ ከደላላ ጋር የሚመሳጠርና ስደተኛውን የሚዘርፍ እንዳለም አንክድም። ነገር ግን ቀማኛው ስሙ ሲነሳ፣ ውኃውን ያካፈለው ለምን ይረሳል?

ከጋላፊ ወዲያ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ አለ፤ ውኃው ጨው ነው። በዚያ አካባቢ ስም ያልተጻፈባቸው፣ ድንጋይ ብቻ የተከመረባቸው የስደተኞች መቃብሮች አሉ። ባሕሩም ቢሆን አልራራም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ከየመን ይመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ አደጋ ደርሶባቸው በአሥሮች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አልቀዋል።

የማን ዕዳ ነው?

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የተቀበላቸው ንጉሥ ነበር። የእኛን ልጆች የሚቀበላቸው ግን አንድ ጀሪካን ያለው ፍየል ጠባቂ ነው። ዘካት ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ኢብኑ ሰቢል፣ ማለትም ስንቁ ያለቀበት መንገደኛ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ታዲያ ይህ ሐቅ የመርካቶ ነጋዴም ሆነ ልጁን የላከ ቤተሰብ ሳይነካው፣ ከሁሉ ድኻ በሆነው አርብቶ አደር ትከሻ ላይ ብቻ መውደቁ ተገቢ ነውን?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ስለዚህ መንገድ ሲያነሳ ስለ ሪያሉ ብቻ አታውሩት፤ ስለ አሳል መቃብሮችም ንገሩት። ባለ ሀብቶች ሆይ፣ ለውኃ ሰደቃ የምታወጡ ከሆነ፣ በዚያ መንገድ ዳር የሚቆፈር ጉድጓድ መንገደኛውንም ባለ አገሩንም ያጠጣል። ወጣቶችም፣ የማንን ውኃ እንደምትጠጡ ዕወቁ፤ ያች ልጅ ተመልሳ የምትሄድበትን መንገድ አስቡ።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠንን የምናካፍል፣ ያካፈሉንንም የማንረሳ ያድርገን። ኣሚን።