የእንጦጦ ዳገትና የቈየች ቢስክሌታችን

አንድ ቀን ማታ ከራት በኋላ ከቤተ ሰባችን ጋራ ስንጫወት፥ በወጣትነታችን ከአራት ኪሎ ተነሥተን ከቢስክሌት ሳንወርድ እንጦጦ ማርያም እንደርስ እንደ ነበረ ነገርናቸው። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን 20 ዓመት ያለፈው መሆኑን ለመናገር አልቸኰልንም። ደግሞም አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ መጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ቢስክሌተኞች እንደ ነበሩባት አወራን፤ የነርሱ ክብር ለእኛም የሚደርሰን አስመስለን። የ13 ዓመት ልጃችን ይህን ሰምታ «እንግዲያስ አባባ፥ ቅዳሜ ይዘውኝ ይውጡ» አለችን። ለሰው ሁሉ ቀጠሮ ስንጽፍ የኖርን እኛ፥ ለልጃችን ቀጠሮ የምንሰጥበት ምክንያት አጣን።

ቢስክሌቲቱ ካቴናዋ ዝጎ፥ ጎማዋ ተንፍሶ በጓዳ ቆማ ነበር። ጠጋኙ በግማሽ ቀን አደሳት። ወደ ሆዳችንም ተመልክቶ ኮርቻው ቢጠብቅ እንደሚሻል ነገረን፤ ምክሩን በቅንነት ተቀበልን፥ በዋጋው ግን ተከራከርን።

ቅዳሜ ጧት ልጃችን በተዋሰችው ቢስክሌት፥ እኛም በራሳችን ተነሣን። እስከ ስድስት ኪሎ መልካም ነበር። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ከፍተው የአገር ልብሱን ይሰቅሉ ነበርና ቆመን ተመለከትን። ልጃችን ነጠላ ልንገዛላት መስሏት ደስ አላት፤ እኛ ግን የቆምነው ትንፋሻችንን ለመሰብሰብ ነው።

ከቁስቋም በላይ መንገዱ እየጠመዘዘ ይቆማል። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶው 70 እጅ ያህል ብቻ ነው። ሰውነትም ልምምዱን ሲተው በጥቂት ሳምንት ውስጥ የደሙ መጠን ይቀንሳል፤ ሥራ የፈታ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ስለሚያንስ አብዝቶ መምታት ይገደዳል። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ እናውቀው ነበር፤ በዚያ ጧት ግን ጆሯችን ውስጥ እንደ ከበሮ ሲመታ ሰማነው። ማርሹን ወደ መጨረሻው ቀላል ብናወርደውም ጉልበታችን እምቢ አለ። ወርደን ከባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን።

በዚያን ጊዜ አንዲት አሮጊት ከጀርባቸው የሚበልጥ የእንጨት ሸክም ተሸክመው፥ ወገባቸው ጐብጦ ከላይ ወረዱ። እኛ ልናዝንላቸው ሲገባን እርሳቸው ቆመው አዘኑልን። «አይዞህ ልጄ፤ ዳገት በዝግታ ነው» ብለውን አለፉ። ልጃችን ወደ ሌላ ዞረች።

ከቤት ስንመለስ ባለቤታችን «ደረሳችሁ?» ብላ ጠየቀች። ልጃችን ዝም ብላ መልሱን ለእኛ ተወችው። ውሸት ለመናገር ከንፈራችን ደርሶ ነበር፤ የልጅቱን ዓይን ስናይ ግን «አልደረስንም፤ ከቁስቋም ጥቂት አልፈን ወድቀናል» አልን።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከመሥሪያ ቤት በእግራችን መመለስ ጀመርን። በየቅዳሜውም ወጣን። በሁለተኛው ሳምንት ጭራሽ ካለፈው በታች ወረድን፤ በጣም አዘንን። በአራተኛው አንድ መጠምዘዣ ጨመርን። አንዱን ትልቅ ባሕር ዛፍ ምልክት አድርገነው ስለ ነበረ፥ ያለፍነው ቀን በልባችን ሰላምታ ሰጠነው። (ይህ ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ እንግዳ ሲሆን፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ ስለ ጠፋ ተተክሎ ባላገር ሆነ።)

በስምንተኛው ቅዳሜ እንጦጦ ማርያም ደረስን። ልጃችን ቀድማ ደርሳ ውሃ ይዛ ትጠብቀን ነበር። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቈርቈሯ በፊት ከተቀመጡበት ከዚያ ራስ ላይ ሆነን ከተማዪቱን ከጢስዋ ጋራ ቁልቁል ተመለከትን፤ ብዙም አልተናገርን።

ስንወርድ እኒያ አሮጊት ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አሳርፈው አገኘናቸውና ፍሬን ይዘን ቆምን።

«ዛሬስ ደረስህ?» አሉን።

«ደርሰናል እናቴ፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ወርደን ገፍተናል» አልናቸው። ልጃችን ሸክሙን ወደ ጀርባቸው አነሣችላቸው።