የልጅ ልጄ የሚያደንቀው ራፐር

በ17 ዓመት ልጅና በ68 ዓመት አያት መካከል፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ የሚያነታርክ ነገር አይጠፋም። የመብራት ነው፣ የስልክ ነው፣ የመኝታ ሰዓት ነው። በእኛ ቤት ዘንድሮ መነታረኪያው ላክሬይ የሚባል አሜሪካዊ ራፐር ሆነ። ሰውየው የሚያዜመው ስለ እግዚአብሔር ነው። ነገሩም «ስልኩን ዝጋና ተኛ» ተብሎ የሚታለፍ ዓይነት ያልሆነው ለዚህ ነው።

የምንኖረው ደጋን ነው፤ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባድ መኪና ሌት ተቀን በሚያልፍበት። እኔ 34 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የልጁ እናት ዐረብ አገር ከሄደች 9 ዓመት ሞላት። አባቱን አያውቀውም። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው፤ እናት ከባሕር ማዶ ብር ትልካለች፣ አያት ታሳድጋለች። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ይህ ልጅ ገና ለጋ ነበር። ያየውን አይቷል። ከዚያ ወዲህ ወሬው ቀነሰ፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከንፈሩን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ማየት ለመድሁ።

ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። መስከረም ላይ «እማማ፣ ፈተናው ቢቀርም ግድ የለኝም፤ እኔ እንደ ላክሬይ ራፐር ነው የምሆነው» አለኝ። ይህን ፈተና የማያውቅ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ሳያጠኑ የሚገቡበት ፈተና አልሆነም።

ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። ልጄ በስልክ «እማዬ፣ ስልኩን ቀሚውና ይረፍ» አለች። ከቤተ ክርስቲያን የምንመለስ ሴቶች ደግሞ ሌላ ስጋት ነበራቸው፤ «ዛሬ በራፕ ይጀምራል፣ ነገ ሃይማኖቱን ይለውጣል» አሉኝ። ሁለቱም ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በመምህርነት ዘመኔ ያላነበብሁትን መጽሐፍ አስተምሬ አላውቅም። ስለዚህ ስለ ሰውየው ማንበብ ጀመርሁ።

የመጀመሪያው ችግር ስሙ ላይ ነበር። ዘማሪ ልበለው ወይስ ዘፋኝ? በአማርኛ ሁለቱ ቃላት በአጥር የተለዩ ናቸው፤ አንዱ የቤተ እምነት፣ ሌላው የሠርግና የመጠጥ ቤት። ለካስ ይህ ጥያቄ ሰውየውንም ዕድሜውን ሙሉ ሲከተለው የኖረ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዓለማዊ ይሆንባቸዋል፣ ለዓለሙ ደግሞ ሰባኪ። እርሱ ራሱ «ክርስቲያን» የሚለው ቃል የእምነቱ እንጂ የሙዚቃው ዓይነት መጠሪያ እንዲሆን አይወድም።

ሙሉ ስሙ ላክሬይ ዴቮን ሙር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ሂውስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ አጠገቡ አልነበረም። ያሳደገችው እናቱ ብቻዋን ናት፤ አያቱም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። አባት የሌለው ልጅ አባት መፈለጉ አይቀርምና፣ በቴሌቪዥን የሚያያቸውን ራፐሮች እንደ አባት ይከተል እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሂፕ ሆፕ ከኒው ዮርክ ብሮንክስ ሰፈር ከተነሣ ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ለድሃ ጥቁር ልጆች ግን ቋንቋቸው ሆኖ ነበር።

በ16 ዓመቱ አደንዛዥ ዕፅ ውስጥ ገባ። ዕፅ ሸጠም። የሚገርመው፣ በዚያ ጊዜ የአያቱን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ይዞር ነበር። አያነበውም፤ እንደ ክታብ ከክፉ እንዲጠብቀው ነው የያዘው። አንድ ቀን ዕፅ ይዞ ሲገኝ፣ ፖሊሱ መጽሐፉን አይቶ፣ በውስጡ እንደ ተጻፈው እንዲኖር ቃል አስገብቶ እንደ ለቀቀው ይነገራል።

ይህን ስነግረው የልጅ ልጄ አያውቅም ነበር። ዘፈኖቹን በቃሉ ይወጣቸዋል፤ የሰውየውን ሕይወት ግን ከቁንጽል ነገር በቀር አልሰማም። የአያትየው መጽሐፍ ነገር ላይ ስደርስ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። «ከዚያስ?» አለኝ። ከስንት ወር በኋላ ከዚያ ልጅ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው «ከዚያስ?» ነበር።

ከዚያማ መንገዱ ረጅም ነው። የሚያውቃት አንዲት ልጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ እንዲገኝ ጋበዘችው። በ19 ዓመቱ አትላንታ ላይ በተደረገ የክርስቲያን ወጣቶች ጉባኤ ልቡ ተነካ። ወዲያው ግን አልተለወጠም። በመኪና ተገልብጦ በሕይወት ከተረፈ በኋላ ነው ነገሩን የምር የያዘው። በሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፣ ተመረቀም። እዚህ ላይ ቆም ብዬ «ተመረቀ ነው የሚለው» አልሁት። ሳቀ።

ተማሪ ሳለ ወደ ወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ቤት እየሄደ ያዜምላቸው ነበር። መድረክ የለም፣ ክፍያ የለም። የእነዚያ ልጆች ልብ መነካት ነው ወደ ሥራው የገፋው። እ.ኤ.አ. በ2004፣ በ25 ዓመቱ፣ ከጓደኛው ከቤን ዋሸር ጋር ሪች ሬከርድስ የተባለውን አሳታሚ ድርጅት አቋቁሞ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። በዙሪያው የተሰባሰቡት ራፐሮች ስብስባቸውን «116» አሉት፤ ሮሜ ምዕራፍ 1 ቁጥር 16ን ለማመልከት ነው፣ በወንጌል ስላለማፈር የሚናገረውን። ግራቪቲ የተባለው አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2013 የግራሚ የምርጥ ወንጌል አልበም ሽልማትን አገኘ፤ ሽልማቱን የወሰደ የመጀመሪያው ራፐር ሆነ። በ2014 ያወጣው አኖማሊ ደግሞ የቢልቦርድ ጠቅላላ ዝርዝርንም የወንጌል ዝርዝርንም በአንድ ጊዜ በአንደኝነት መራ፤ ከዚያ በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም።

ከመጀመሪያው አልበም እስከ ግራሚ ዘጠኝ ዓመት መሆኑን በወረቀት ላይ አስደመርሁት። ልጁ ድምሩን አየው እንጂ ምንም አላለም።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ለልጁ የጀግና ተረት አወራሁለት ማለት ነበር። ሙሉውን ነገርሁት። ላክሬይ በአገሩ በፖሊስ ስለሚገደሉ ጥቁሮች መናገር ሲጀምር፣ ሲያጨበጭቡለት ከነበሩት ብዙ ክርስቲያኖች ፊታቸውን አዞሩበት። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ላይ ወደቀ፤ እምነቱም ተናወጠ። ይህን ሁሉ ሳይደብቅ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎታል። ሽልማት የያዘ እጅም እንደሚንቀጠቀጥ፣ የሚያምን ሰውም እንደሚጨልምበት ልጄ ከኔ ስብከት ይልቅ ከሚያደንቀው ሰው ቢሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ጦርነት ላየ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከቤታችን ዝቅ ብለው የሚኖሩ አንድ ሼህ አሉ። ልጁ በዝምታው ዘመን እንኳ በራቸው ላይ ቁጭ ብሎ ያጫውታቸዋል። ጭንቀቴን ሳዋያቸው ሳቁብኝ።

«እትዬ፣ መንዙማን ረሱት እንዴ? የጀማ ንጉሡም የዳናውም ሼሆች ዐረብኛ የማያውቀውን የወሎን ሕዝብ እኮ በዜማ ነው ያስተማሩት። በራሱ አማርኛ፣ በራሱ ድቤ።»

«ታዲያ ሼህዬ፣ ዝም ብዬ ልተወው?»

«መተውስ አይተውም። ዜማውን ለልጁ ይተዉለት፣ ቃሉን ግን አብረው ይመርምሩ። አብሽሪ!»

ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «አብሽር» ሲባል ልቡ ያርፋል፤ የኔም አረፈ። ደግሞም ከሃይማኖት ጋር የገባ አዲስ ድምፅ ሁሉ መጀመሪያ ጆሮ ይቆረቁራል። በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት የታሰረው ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶና የዘመኑ ሰዎች በጊታር ሲዘምሩ ስንቱ ተገርሞ ነበር። ዛሬ የነርሱን መዝሙር የሚያደምጡ አያቶች ናቸው።

ይህ ማለት ግን አጥር የለም ማለት አይደለም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱስ ያሬድ የተቀበለችው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ አላት፤ ከበሮና ጸናጽል አላት። ራፕ በቅዳሴና በማኅሌት ቦታ የለውም። ይህን ለልጁ ሳልሸፋፍን ነግሬዋለሁ። በጥናት ጠረጴዛው ላይ ስለሚሰማው ነገር ግን ሌላ ስምምነት አደረግን።

ስምምነቱ ሦስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ፈተናው ይቀድማል፤ ስልኩ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እኔ ክፍል ያድራል። ሁለተኛ፣ የሚወደውን እያንዳንዱን ዘፈን ወደ አማርኛ ገልብጦ ቅዳሜ ከሰዓት ያመጣልኛል፤ እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ሦስተኛ፣ የራሱን የሚጽፍ ከሆነ በአማርኛ ይጻፍ። ቤት መምታቱንና ቅኔ ማግባቱን አያቶቹም ያውቁበታል፤ ፉከራና ቀረርቶ የወጣበት አገር ልጅ ቃል በምት ለማስኬድ ከአሜሪካ ፈቃድ አይጠይቅም።

ትርጉሙ ቀላል አልሆነለትም። የሰፈር እንግሊዝኛው እኔንም ያስቸግረኛል። አንዳንዴ አንድ ስንኝ ላይ ግማሽ ሰዓት እንከራከራለን። በመካከሉ ግሡንም፣ ሰዋስዉንም፣ አባባሉንም እያስጨበጥሁት ነው። የእንግሊዝኛ ውጤቱ ከፍ ብሏል፤ ሒሳቡ ግን አሁንም ያሳስበኛል።

አንድ ቅዳሜ የሚተረጉመው ዘፈን ስለሌለ አባት ነበር። ግማሹን ከገለበጠ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እማማ፣ የኔ አባት በሕይወት አለ?» አለኝ።

ከእናቱ ጋር ይህን ጥያቄ ራሱ እስኪያነሣው እንጠብቅ ተባብለን ነበር። ያን ማታ በስልክ ደወልንላት። ሦስታችንም ረጅም ሰዓት አወራን። ምን እንደ ተባባልን የቤታችን ነው፤ ይህን ያህል ግን ልንገራችሁ፦ ልጄ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «እማዬ፣ ያ ራፐር ማን ነው ያልሽኝ? እስቲ ለእኔም ላኪልኝ» አለች።

ወላጆች፣ አያቶች፣ ከዚህ የምመክራችሁ አንድ ነገር አለኝ። ልጃችሁ የሚያደንቀውን ሰው ስም ስትሰሙ፣ ስሙን ከመጥላታችሁ በፊት የሰውየውን ሕይወት ከልጁ በላይ እወቁ። የት ተወለደ? ማን አሳደገው? ምን ተማረ? ስንት ዓመት ለፋ? የት ወደቀ? እንዴትስ ተነሣ? ጥሩ ሰው ከሆነ ልጁ የማያውቀውን ድካሙን ታስተምሩበታላችሁ፤ መጥፎ ከሆነም «አይሆንም» ስትሉ ምክንያቱን አውቃችሁ ትላላችሁ። እንግሊዝኛ የማታውቁ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አድርጉት። ተርጓሚ የሚናገረውን ቃል ሳይመዝን አያልፍም።

ሁሉም ነገር መልስ አግኝቷል አልልም። ፈተናው ገና ነው። ልጁ ራፐር ይሁን መሐንዲስ፣ በእምነቱስ በየትኛው ደጅ ይጸና እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ በጸሎቴ አስበዋለሁ። የላክሬይ አያትም መጽሐፋቸው በየት በኩል እንደሚያልፍ አያውቁም ነበር። እኔ የማውቀው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡናው ሲፈላ፣ ያ ዝምተኛ ልጅ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ መቀመጡን ነው። በዚህ ሳምንት ያመጣው የራሱ ነው፤ በአማርኛ የጻፈው። ሦስት ቦታ ቤቱ አልመታም። ከሥሩ በቀይ አስምሬ መለስሁለት።