በላይኤ መንደር የሰማሁት ጊታር

ባለፈው ክረምት ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ፣ ልጄ ዘንድ ከርሜ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከእሷና ከሰባት ዓመት የልጅ ልጄ ጋር በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ላይኤ የምትባል መንደር ደረስን። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው በኩል አረንጓዴ ተራራ ነው።

መንገድ ላይ ልጄ የካላማ ኳርቴትን የድሮ ሙዚቃ ከፈተችልን። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በሸክላ የተቀረጸ ነው። የወንዶቹ ድምፅ ተስማምቶ ይሄዳል፤ አንዱ ግን እንደ ሴት ቀጥኖ ከላይ ይወጣል። ጊታሩ ደግሞ እንደ ማሲንቆ ድምፁን እየሳበ ያለቅሳል።

ለዚህ አጨዋወት ስሙ የሚነሳው የላይኤው ልጅ ጆሴፍ ኬኩኩ ነው። በ1889 አካባቢ፣ የ15 ዓመት ገደማ ተማሪ ሳለ፣ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሮቹ ላይ ብረት አንሸራተተ ይባላል። በ1904 ከደሴቱ ወጣ፤ አሜሪካንና አውሮፓን ዞረ። አገሩን ዳግም ሳያይ በ1932 በኒው ጀርሲ አረፈ። ላይኤ ላይ ሐውልት የቆመለት በ2015 ነው። እዚያ ስቆም ወደ አእምሮዬ የመጣችው እናቱ ናት።

ልጄ ሌላም ነገር አጫወተችኝ። የሃዋይ ንግሥት በ1893 ከዙፋኗ ከወረደች በኋላ፣ በ1896 የወጣ ሕግ የትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ብዙ ወላጆችም ለልጆቻቸው አስበው ሃዋይኛን በቤት ተዉት። እነካላማ በሃዋይኛ የዘፈኑት በዚያ ዘመን ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቋንቋውን የሚናገሩ ልጆች እጅግ ጥቂት ነበሩ። በ1984 «ፑናና ሊዮ»፣ ማለትም «የድምፅ ጎጆ»፣ የተባለ መዋለ ሕፃናት ተከፈተ። ቋንቋውን በልጅነታቸው የለመዱ አዛውንቶችም ረዱ።

ይህን ስሰማ አፈርኩ። የልጅ ልጄ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም። እኔም ቶሎ እንዲገባው ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሳዋራው ሰንብቻለሁ። ዕድሜዬን በክትባት ክፍል እናቶችን «ቀኑን አታሳልፉ» ስል የኖርኩ ነርስ፣ የራሴን ቤት ቀን እያሳለፍኩ ነበር።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የጅብና የአህያ ተረት በአማርኛ ብቻ እነግረው ጀመር። መጀመሪያ አኮረፈ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ተረቱን አቋርጬ ውኃ ልጠጣ ስነሳ፣ ቀሚሴን ይዞ «እማማ፣ ከዚያስ?» አለኝ።

ውድ አያቶች፣ የልጅ ልጆቻችሁ ሩቅ ከሆኑ በስልክም ቢሆን ተረት ንገሯቸው። ቀኑን አታሳልፉ።