የተሰነጠቀ ሆሄ፦ በኢሜይል ሰርቨር ላይ የሚበላሹ የአማርኛ መልእክቶች

የአማርኛ ኢሜይል ተበላሽቶ ሲደርስ ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው ፊደሉን ነው። ላኪውም በሚቀጥለው ጊዜ አማርኛውን በላቲን ፊደል ጽፎ ይልካል። እንዲህ ሲሆን ሊታረም የሚችል የአሠራር ጉድለት ሰውን ከገዛ ፊደሉ ያርቃል። የብልሽቱን ምንጭ ለይቶ ማወቅ ከሰርቨር ጥገና ያለፈ ፋይዳ የሚኖረውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የኢሜይል ማስተላለፊያ ሕግ የተሰናዳው በ7 ቢት ለሚጻፉ ምልክቶች ነበር። የአንድ መስመር ርዝመትም ከ1000 ባይት እንዳያልፍ ወስኗል። የግእዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲካተት፣ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይዞ መጣ። ሦስቱ አብረው ካልደረሱ ሆሄው አይነበብም።

የብልሽቱ መልክ ምክንያቱን ይጠቁማል። በእያንዳንዱ ሆሄ ምትክ አንድ የጥያቄ ምልክት ከታየ፣ ጽሑፉ ግእዝን ወደማያውቅ የፊደል ገበታ ተለውጧል፤ ከዚያ ቅጂ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ሆሄው ወደ ሦስት ባዕድ ምልክቶች ከተበተነ ግን ባይቶቹ ደኅና ናቸው፤ የተሳሳተው ንባቡ ነው። መልእክቱ በሙሉ ተነብቦ አንድ ሥፍራ ላይ ብቻ ሲሰበር ደግሞ ጥርጣሬው ወደ መስመር ርዝመት ያመራል።

በአንድ የትምህርት ተቋም የሰርቨር ኃላፊ የሆነ ባለሙያ የገጠመው ይህ ሦስተኛው ነበር። ለተማሪዎች የተላከው ረጅም ማስታወቂያ የተሰበረው የምዝገባው ማብቂያ ቀን ላይ ነበር፤ ቀኑን ያላነበበ ተማሪ ዓመቱ ሊያልፈው ይችላል። የእንግሊዝኛው ቅጂ ደኅና ስለደረሰ ሁሉም አማርኛውን ጠረጠረ። ባለሙያው ግን ጥሬ መልእክቱን ከላኪው፣ ከሰርቨሩ ወረፋና ከተቀባዩ ወስዶ ባይት በባይት አስተያየ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ናቸው። በሦስተኛው ላይ ከ998 ባይት በኋላ አዲስ መስመርና ክፍት ቦታ ገብቷል፤ ቁርጡም ያረፈው በአንድ ሆሄ ባይቶች መካከል ነው። እንግሊዝኛውም በዚያው ልክ ተቆርጦ ነበር፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ለሁለት ከመከፈሏ በቀር ጉዳት ስላልደረሰበት ማንም ልብ አላለውም።

በሰርቨሩ ላይ ገደቡን ማንሣት ይቻላል፤ ሆኖም ቀጣዩ ሰርቨር ያንኑ መስመር ሊቆርጠው ወይም ሊመልሰው ይችላል። የተሻለው መፍትሔ ላኪው ፕሮግራም መልእክቱን በቤዝ 64 ጠቅልሎ እንዲልክ ማድረግ ነው። ይህ ስልት 3 ባይትን በ4 ተራ ምልክቶች ስለሚተካ አንድ ሆሄ ልክ 4 ምልክት ይሆናል፤ መስመሮቹም ከ76 ምልክት አይበልጡም። የመልእክቱ መጠን በሲሶ ያህል ይጨምራል፤ ለአማርኛ ተማሪ የማብቂያ ቀኑን በገዛ ፊደሉ ማንበብ ግን ከዚህ ጭማሪ ይበልጣል።