ሸክላው አላረጀም

ስለ ሸክላ ሲወራ ሁሌ የምትሰማ ነገር አለች። "ሸክላ እኮ እንዲህ ነው፣ ይንጫጫል፣ ያጉረመርማል፣ አሮጌ ነዋ!" ጎበዝ፣ ግማሿ ውሸት ናት። ችርችር፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው የሸክላው ድምፅ ሊሆን ይችላል። "እምምምም..." እያለ ከዘፋኙ ጋር እኩል የሚያዜመው ግን ሸክላው አይደለም፤ የቤታችሁ ኮረንቲ ነው።

አባቴ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች አሉት። አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) አምሃ ሪከርድስን ከከፈተ በኋላ ውጭ አገር እየታተሙ የመጡት ዓይነት። ለዓመታት አልነካቸውም። ለምን ስለው "ጊዜያቸው አለፈ፣ ከዘፈኑ ጩኸቱ በለጠ" ይለኛል። ሰው የወጣትነቱን ዘፈን በሽቦ ምክንያት ሲተው ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መያዝ ነበረብኝ።

ሥሩ ይኸውላችሁ። ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ሲግናል 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ይሰጣል፤ 400 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ "ፎኖ" በሚባለው መግቢያ ይህችን ሹክሹክታ 100 ጊዜ ያህል ያጎላታል። በዚህ አያበቃም። ሸክላ ሲቀረጽ መስመሩ ቦታ እንዳይፈጅ ባሱ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ሲጫወት ደግሞ የተቀነሰው ይመለሳል። በዚህ የተነሳ 50 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ሌላ 7 እጥፍ ይጨመርለታል። በድምሩ 700 እጥፍ! የቤታችን መብራትስ ስንት ኸርዝ ነው? 50። በሩን ከፍተን ሌባውን ራት እንደመጋበዝ በሉት።

ሌባውን ለመያዝ ገንዘብ አያስፈልግም። መጀመሪያ መርፌውን አንሱ። እምምታው ካልጠፋ ሸክላው ነፃ ነው። ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን ከፎኖ ወደ ሌላ መግቢያ ቀይሩት። ከጠፋ ችግሩ ከማጫወቻው እስከ ፎኖ ባለው መንገድ ላይ ነው። ከማጫወቻው ጀርባ የምትወጣ ቀጭን ብቸኛ ሽቦ አለች፤ አምፕሊፋየሩ ላይ "ግራውንድ" የሚል ምልክት ካለበት ብሎን ጋር በደንብ ትጥበቅ። ከዚያ ማጫወቻውን ትንሽ አንቀሳቅሱት። ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለ አጠገቡ ትራንስፎርመር አለ፤ አምፕሊፋየሩን፣ ስታቢላይዘሩን አርቁለት። መርፌው የተሰካበት ራስ ላይ ያሉት አራት ጥቃቅን ሽቦዎችም አልለቀቁም ወይ? አጥፍታችሁ እዩ።

የእኛ ቤት ጥፋተኞች ሁለት ነበሩ፤ የላላች ግራውንድ ሽቦና ዲሽ። አዎ፣ ዲሽ! ከጣሪያ የመጣው ገመድ ወደ ሪሲቨር፣ ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ። ኤርዝ በሁለት መንገድ ሲገናኝ ቀለበት ይሠራል፤ እምምታውም በዚያ ቀለበት ውስጥ ይዞራል። ብሎኗን አጠበቅን፣ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀልን፣ የቀሩትን ዕቃዎች አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካን። ጸጥ! አባቴ ሸክላውን አስቀምጦ ብዙ ቆየና "ለካ ባስ ጊታር ነበረው" አለ። ልክ ነው፤ እምምታው የተቀመጠው ባሱ ወንበር ላይ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ከዚያ በፊት ያየልን አንድ ቴክኒሻን ምክሩ አጭር ነበር፤ "የአምፕሊፋየሩን ኤርዝ ቁረጡት።" እውነቱን ለመናገር፣ ቢቆረጥ ድምፁ ሊጠፋ ይችል ነበር። ግን ኤርዝ ለጌጥ የተሰካ አይደለም። አንድ ቀን ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ የአምፕሊፋየሩን ብረት ቢነካ፣ ኮረንቲው በኤርዙ ሄዶ ፊውዙን ይጥላል። ኤርዙ ከሌለ ግን መሄጃ አጥቶ 220 ቮልቱን ይዞ የሰው እጅ ይጠብቃል። ያ እጅ ደግሞ ድምፅ ሊቀንስ የተዘረጋ የአባቴ እጅ ሊሆን ይችላል። ለዘፈን ሲባል አይሆንም! ኤርዝ ያለው መሳይ ሆኖ ከኋላው ሽቦ የሌለው ሶኬትም አለ፤ ኤሌክትሪሻን አስፈትሹት።

ችርችርታውስ? አብዛኛው አቧራ ነው። ለስላሳ ብሩሽና ዲስቲልድ ውሃ ይበቃዋል፤ መሀል ያለውን ወረቀት አታርጥቡ። ባለ 78 ዙር ጥንታዊ ሸክላ ካላችሁ አልኮል አታስነኩት፣ ያሟሟዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጭረት ነው፤ እሱን ተዉት። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ በሰው በተሞላ ሳሎን፣ ተቻኩሎ መርፌ ያነሳ እጅ የተወው ምልክት ነው። የሸክላው የራሱ ታሪክ ነው። እምምታው ግን የማንም ታሪክ አይደለም፤ ያልጠበቀ ብሎን ነው።