ጥላውን ይዘውት አልሄዱም

ለካኩማ እንግዳ የሆነ ሰው «ሰፈሩን አሳየኝ» ቢለኝ መጀመሪያ የምወስደው ኒም ዛፎቻችን ስር ነው። ካምፑ በ1992 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተበት መሬት አሸዋና እሾህ ነው፤ ሙቀቱም 40 ዲግሪ የሚጠጋበት ቀን አለ። ኒም ግን በደረቅ አፈር ይይዛል፣ ቶሎም ያድጋል። ከቀትር በኋላ ቡናው የሚፈላው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ልጆችም የሚያጠኑት እሱ ስር ነው።

ወደ ታራች ወንዝ ከወረድን ደግሞ ግራሩን እናገኛለን። እሱ ግን ባለቤት አለው። የቱርካና ቤተሰቦች በወንዝ ዳር ያለውን ዛፍ ተከፋፍለው ይጠብቃሉ፤ «ኤክዋር» ይሉታል። ፍሬው በድርቅ ጊዜ ለፍየሎቻቸው ቀለብ ነው። ለማገዶ ብሎ ቅርንጫፍ የቆረጠ የሰው ጎተራ ነካ ማለት ነው። ጠቡም ከዚህ ይመጣል።

ስለዚህ የራሳችንን እንትከል። ውኃ የለም እንዳትሉ፤ ሳሙና ያልበዛበት እጣቢ ለአንድ ችግኝ ይበቃል። ለጎመን ደግሞ ጆንያ ውሰዱ፤ መኻሉን ጠጠር፣ ዙሪያውን አፈርና የፍየል በጠጥ ሙሉት፤ ጎኑን በስታችሁ ሱኩማ ዊኪ ትከሉ። ከላይ የፈሰሰው ውኃ በጠጠሩ በኩል ለሁሉም ይደርሳል።

«ፕሮሰሴ ሲያልቅ ለምሄደው ለምን እለፋለሁ?» የሚል አይጠፋም። ዛሬ የምንጠለልባቸውን ኒሞች ከተከሉት ብዙዎቹ አሜሪካና አውስትራሊያ ገብተዋል። ጥላውን ግን ይዘውት አልሄዱም። የመጋቢት ዝናብ ሳይመጣ ጉድጓዱን እንቆፍር!